የአማቴ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር

አዲስ አበባ ውስጥ ምክር ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ፤ አንደኛው ሰው በተሰበሰበበት ማሳል ነው፣ ሁለተኛው መኪና መግዛት። ስታስሉ መድኃኒቱ መቼም ዝንጅብል ወይም ነጭ ሽንኩርት ነውና መካሪዎቻችሁ ከሞላ ጎደል ይስማማሉ። መኪና የገዛችሁ ቀን ግን አዘንኩላችሁ። የቢሮ ባልደረባችሁ፣ የጎረቤታችሁ ወንድም፣ ሰርግ ላይ አጠገባችሁ የተቀመጠው የማታውቁት ሰውዬ ሳይቀር ሞተር አዋቂ ሆኖ ይገኛል። ሁሉም የሚጀምሩት ደግሞ ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ነው የምትቀይረው?

መልሱን ስትናገሩ ፊታቸውን እዩ። ሦስት ሺህ ካላችሁ አባካኝ ናችሁ። አምስት ሺህ ካላችሁ ያስቡበትና «እንደ መኪናው ነው» ይሏችኋል። አስር ሺህ ያላችሁ እንደሆነ ግን ለእናንተ ሳይሆን ለሞተሩ ከንፈራቸውን ይመጥጡለታል።

እኔ ከካዛንቺስ ሜክሲኮ የምመላለስ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ከተማው ለባቡር ሐዲድ ተቆፍሮ አዋራው ከእኛ ጋር ቁርስ በሚበላበት ዘመን፣ ባለቤቴ ሂሩትና እኔ ያገለገለች፣ ግን ዕድሜዋ ገና የሆነ አንዲት የጃፓን መኪና ገዛን። ደስታችንን ለመግለጽ ያህል፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ጊዜ አጥበናታል። የሚያጋጨን ነገር ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም። አማቴን ረስቼ ነዋ።

አማቴ አቶ በላቸው፣ እኔም አባባ የምላቸው፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ሠላሳ አንድ ዓመት አሰብ ድረስ ተሳቢ ነድተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቄራ ያለውን ቤት ለታናሽ ልጃቸው ለቀው እኛ ጋ መጡ። ዓይናቸውን ሞራ ስለሸፈነው መንጃ ፈቃዳቸውን ማደስ ከተዉ ቆይተዋል። ሐኪሙ በትንሽ ቀዶ ጥገና ይጠራል ቢላቸውም እሳቸው ዓይን የሚነካ ቢላ አልተሠራም ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የመንገዱን ድምፅ ይሰሙ ነበር። ንግግራቸው በቀን ከአሥር ቃል አይበልጥም።

መኪናዋ ግቢ የገባች ቀን ግን ተነሡ። ኮፈኑ ላይ እጃቸውን ጣል አድርገው፣ የሕፃን ልብ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሞተሩን ሰሙ። ከዚያም ፈረዱ። ዘይቱ በየሁለት ሺህ አምስት መቶው ይቀየራል። አለቀ።

ሂሩት የሒሳብ አስተማሪ ናት። የመድኃኒት ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ሳታነብ ክኒን የማትውጥ ሴት፣ ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ ሳታነብ ትቀራለች ብላችሁ እንዳታስቡ። መጽሐፉ አስር ሺህ ወይም አንድ ዓመት፣ ከሁለቱ የቀደመው ይላል አለች። የዛሬ ዘይት እንደ ድሮው እንዳይደለ፣ የዛሬ ሞተርም እንደ ተሳቢው እንዳይደለ አስረዳች። አባባ ወደ በረንዳቸው ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት ግን የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው በሁለት ጣታቸው እያሹ፣ ዓይናቸው ስለማያይላቸው ሲያሸቱት አገኘኋቸው። «ጠቁሯል» አሉኝ፤ በአፍንጫቸው።

ዘይት የሚጠቁረው ሞተሩን ስለሚያጥብ ነው አለች ሂሩት ከመስኮት። እሷ አሥር ዓመት ሳይሞላት እሳቸው ዘይት በምላስ ይለዩ እንደነበር መለሱላት። እንዲህ እያለ ወራት ሄደ። እኔ በመሃል ምን አደረግኩ? እንደ ማንኛውም ሰላም ወዳድ ባል ለሁለቱም ዋሸሁ። ለአባባ የፊታችን ቅዳሜ እቀይራለሁ፣ ለሂሩት ዓመት ሳይሞላ አልነካውም እላለሁ። ቅዳሜ በየሳምንቱ መምጣቱን አላሰብኩበትም።

አራተኛው ወር ላይ፣ እራት እየበላን ሳለ የኪሎ ሜትሩ ነገር ተነሣ። ስንገዛት ዘይቷ ከተቀየረ ወዲህ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። አባባ ድምፃቸው ከፍ አለ፣ ሂሩትም እንዲሁ። በመጨረሻ፣ «አባዬ፣ ይቺ የአንተ ተሳቢ አይደለችም። ዘመኑ ተቀይሯል፣ በቃ» አለች። አባባ ያነሡትን ጉርሻ ወደ ትሪው መልሰው አኖሩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ መነጋገር አቆሙ። ጨው ሲፈለግ እንኳ በእኔ በኩል ነው የሚጠየቀው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጨው አቀባይ ሆንኩ።

አንድ ሐሙስ፣ መኪና ማቆሚያ ፍለጋው ስለሰለቸኝ በሚኒባስ ቢሮ ሄድኩ። እኩለ ቀን ላይ ሂሩት ደወለች። ለምሳ ቤት ስትመጣ በሩ ገርበብ ብሏል፤ መኪናዋ የለችም፤ አባቷም የሉም፤ ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ነው። የጎረቤት ዘበኛ ሲወጡ አይቷቸዋል። ሰላምታ ሰጥተውት፣ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ወጡ አላት።

እዚህ ላይ ልሳቅ ብትሉ አትችሉም፤ እኔም አልቻልኩም። ዓይናቸው የደከመ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው፣ መንገዱ ሁሉ ጉድጓድ በሆነበት ከተማ ብቻቸውን ወጥተዋል። ሜክሲኮ አጠገብ ተገናኘንና ኮንትራት ታክሲ ያዝን። ወዴት እንደምንሄድ ሂሩት አልተጠራጠረችም። የድሮ ጓደኞቻቸው መኪና የሚያሠሩት ቡልጋሪያ ሰፈር ነው፤ ዘይት ሊያስቀይሩ ነው። ሰው ተሰብስቦ ባየን ቁጥር ሾፌሩን ቀስ በል እንለው ነበር። አንድ ቦታ ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ዘግቶ ስናይ እጄን ጨመቀችው። የተገለበጠ የብሎኬት ጋሪ ነበር። «መጨረሻ ላይ የነገርኩት ዘመን ተቀይሯል ብዬ ነው» አለችኝ ወደ መስኮቱ ዞራ።

ሦስተኛው ጋራዥ በር ላይ መኪናችንን አየናት። ሙሉ ናት። ውስጥ ገባን። አባባ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይዘዋል። ፊት ለፊታቸው ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ፀጉሯን በሻሽ የሸፈነች ሴት የእኛኑ የመኪና መጽሐፍ ከፍታ ታነብላቸዋለች። ሰሚራ ትባላለች፤ የጋራዡ ባለቤት እሷው ናት።

ሂሩት ሄዳ አንገታቸውን አቀፈችና እዚያው ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ትቆጣቸው ገባች፤ ከዚያ እንደገና አቀፈቻቸው። አባባ ሻዩ እንዳይፈስ አንድ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ሁሉንም ተቀበሉ።

«የዘይቱ ነገር ብቻ አይደለም» አሏት ቆይተው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንድ ጊዜ መሪ ልያዝ ብዬ ነው።»

ሰሚራ ዘይቱን አልቀየረችውም ነበር። ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አራት ወር ከሁለት ሳምንት፤ ገና ነው ብላቸዋለች። ሲከራከሯት መጽሐፉን ከመኪናዋ ኪስ አውጥታ ወደ ኋላ ገለጠች። ሁሉን ከዳር እስከ ዳር የምታነበው ሂሩት ለካ የፊቱን ገጽ ብቻ ነበር ያነበበችው። ከኋላው ግን ሌላ ሠንጠረዥ አለ፤ መኪናው አዋራ ውስጥ፣ በተጨናነቀ መንገድ፣ በአጭር በአጭሩ የሚነዳ ከሆነ አምስት ሺህ ወይም ስድስት ወር ይላል። ካዛንቺስን በስም አይጠራትም እንጂ ሌላ የቀረው ነገር የለም።

«ጃፓኖቹ አዋራችንን ከየት አወቁት?» አሉ አባባ፤ ለመጽሐፍ ክብር ሲሰጡ ያየኋቸው የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሂሩት እንባዋን ጠርጋ፣ አሁኑኑ ይቀየር፣ በየሁለት ሺህ አምስት መቶውም ይሁን አለች። አስር ሺህዋን በአንድ ከሰዓት አሳልፋ ሰጠች። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደህና ዘይት አይደፋም» አሏት። «መጽሐፉን አላነበብሽም እንዴ?»

ይህን እያሉ ሳለ ጥግ ላይ የቆመ አንድ አሮጌ ሞተር ተነሣና ማሳል ጀመረ። አባባ ከተቀመጡበት ሳይነሡ የካንዴላ ችግር ነው፣ ሦስተኛዋ እሳት አትሰጥም፣ እዩአት አሉ። ሰሚራ ፈታ አየችና ፈገግ አለች። ያንን ሞተር ሁለት ቀን ታግላዋለች። «አባቴ፣ ጆሮዎን እፈልገዋለሁ» አለቻቸው። «ግን ዓይንዎን ታክመው ይምጡ፤ ያኔ በእግርዎም ቢሆን መንገድ ሲያቋርጡ አልሰጋም።»

ስንመለስ እኔ ነዳሁ። አባባ ከጎኔ ተቀምጠው ጠዋት ብቻቸውን ሲነዱ መንገድ ላይ የገጠማቸውን ሁሉ ተረኩልኝ። ግራ እግራቸው ማርሽ ለመቀየር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን ፍለጋ ወለሉን ሲረግጥ ነበር የሄዱት፤ ይቺ መኪና ደግሞ አውቶማቲክ ናትና ፍሪሲዮን የላትም። መስቀል አደባባይ አጠገብ ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ሲያዩ አቆሙ። እስኪያሳልፋቸው ጠበቁ፣ ጠበቁ። ከኋላ ጡሩምባው ሲበዛ ቀረብ ብለው ቢያዩት የመንገድ ሠራተኞች ያቆሙት ቀይና ነጭ በርሜል ነው።

«ሰላምታ ሰጥቼው ነበር» አሉኝ፤ ሳቁም። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው፣ በርሜሉ ሰው ከመሰለኝ ነገ ሰውም በርሜል ሊመስለኝ ነው አሉ። ያን ቀን ማታ ሂሩትን ራሳቸው ጠርተው፣ ያ ሐኪም አሁንም አለ ወይ ብለው ጠየቋት።

በወሩ ቀዶ ጥገናው ተደረገ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ ሂሩትና እኔ ከሁለት በኩል ደግፈን ወደ መኪናዋ አመጣናቸው። እጃችንን አስለቅቀው ቆሙ። ሰማዩን አዩ፤ ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩ፤ ሽበት አውጥተሻል አሏት፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ በመኪናዋ ዙሪያ ቀስ ብለው ዞሩ። ግራ በር ላይ እኔ የጫርኩትን ሊያዩ ጎንበስ አሉ። የኋላውን መከላከያ ስርጉድ በጣታቸው ተከተሉት። የቀኙን መስታወት ነካ ነካ አደረጉት።

«ይቺን መኪና» አሉ ቀና ብለው፣ «ማን ነው የሚነዳት?»

እኔም ዘይቷ ገና ደህና እንደሆነ ነገርኳቸው።