የሩንዳው ጥየቃ

ከእናቱ የራቀ ልጅ ምክሩ ብዙ ነው። በክንዱ የማይደግፋትን እናት በአፉ ተሸክሞ አገር ላገር ሲያዞራት ይውላል። አፍ እንደሆነ ወገብ የለው፣ አያመው።

እማዬ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ከእኔ ጋር ትኖራለች። እኔ በምግብ ቤቴ ስሯሯጥ፣ እሷ ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥኑ ጋር ትጣላለች። በቅርቡ መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ብትወድቅ፣ ዘመድ ሁሉ በስልክ ሸንጎ ተቀመጠ። ወንድሜ ከስዊድን፣ እዚህ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሽማግሌው የራሱ ክፍልና የራሱ ቁልፍ አለው አለ። እኅቴ ከካናዳ፣ እኛ ዘንድማ ውሻ ሳይቀር እያመጡ ያጫውቷቸዋል አለች። ጣልያን የሰነበተችው የአክስታችን ልጅ ደግሞ፣ እዚያ አሮጊቷን ከቤቷ አያስወጧትም፣ ተንከባካቢ ከውጭ አገር ያስመጡላታል አለች። በምን አወቅሽ ብንላት፣ ከውጭ የመጣሁት እኔ ነበርኩ አለችን። ከሁሉም እሷን አመንኳት።

የቀረው ላም አለኝ በሰማይ ነው። በስቶክሆልም ቁልፍ የናይሮቢ በር ይከፈታል? በመጨረሻ ሸንጎው ፈረደ፦ ሩንዳ ሰፈር አንድ መኖሪያ አለ፣ እማዬን ይዤ ሄጄ እንዳይ።

እውነቱን መንገር አቃተኝና፣ አዛውንቶች የሚኖሩበት ቤት አለ፣ እንየው አልኳት። ጥየቃ ነዋ። ባዶ እጅ ይኬዳል? ዳቦና ሙዟን ሸክፋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ታክሲ ውስጥ ገባች።

ኃላፊዋ ክፍሉንና አትክልቱን ልታሳየን ስትጣደፍ፣ እማዬ ካንዱ አንዱ ጋ እየዞረች «እግዜር ይማርህ፣ እግዜር ይማርሽ» ትላለች። አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ አልታመምኩም ይላታል በእንግሊዝኛ፤ እሷም «አይዞህ» ትለዋለች ባማርኛ። ጥግ የተቀመጡት አስመራዊው አቶ ተስፋይ አማርኛ ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሱ። ልጆቻቸው አውስትራሊያ ናቸው። ዳቦውን ተቀብለው ሳሙት፣ ከዚያ እስክንወጣ ከእማዬ ጋር ሲያወጉ ቆዩ።

በመልሱ መንገድ እማዬ፣ «መስኮቱ ደህና ነው። እኔን በየትኛው በኩል ነው የምታስተኚኝ?» አለችኝ።

ለካ ሸንጎውን ቃል በቃል ሰምታዋለች። እኔ ስልክ የማወራው ጎረቤት እስኪሰማ ነው። ሠላሳ ዓይነት ሰበብ ለደንበኛ የምደረድር ሴትዮ፣ ለታክሲው ሹፌር የሚያውቀውን መንገድ አሳየው ጀመር።

እንግዲህ የእኛ ሰው ከተጠየቀ ብድሩን ሳይመልስ አያድርም። ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ብከፍት የመኖሪያው መኪና ቆሟል፤ ኃላፊዋ፣ አንዲት ነርስ፣ እንግሊዛዊው፣ ሁለት ሾሾ የሚባሉ የአገሬው አሮጊቶች፣ ፊት ፊት ደግሞ አቶ ተስፋይ ሐብሐብ ታቅፈው። «ወድቄ ነበር ሲሉን ጊዜ፣ እንዴት ሳንጠይቅ እንቀር?» አሉ። እማዬ ከተቀመጠችበት ብድግ ስትል ወገቧንም ረሳችው።

ምሳው መሐል ወንድሜ በቪዲዮ ደወለ። ስልኩን አዙሬ አሳየሁት። እንግሊዛዊው ሽሮ በእጁ ይጠቀልላል፣ ነርሷ የእማዬን እግር ታሻለች፣ ሾሾዎቹ ባልገባቸው የአቶ ተስፋይ ቀልድ ይስቃሉ። ወንድሜ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይሄማ ከስዊድንም ይበልጣል፣ በቃ እዚሁ ትግባ፣ ቦታ እንዳላቸው ጠይቂልን አለኝ።

ሳሎኔን አላወቀውም። በምን ይወቀው? አንድ ቀን አልመጣ፤ በስልክ እንደሆነ የሚያየው የእማዬን ግንባርና ጣሪያውን ነው።

ዘወር ብዬ ያለውን ነገርኳት። እማዬ እንግሊዛዊውን እያጎረሰች፣ «ለሚመጣ ሰው ቦታ አይጠፋም በዪው» አለች።