አንድ ሰው ይበቃል

(ከሰርግ አዳራሽ ጀርባ፣ ትርፍ ወንበር የሚከመርባት ጠባብ ክፍል። ሁለቱ ሰዎች በየድግሱ አብረው የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ጊታር ይመታል። የመጀመሪያውን ዙር ጨርሰው ለእረፍት ገብተዋል። ዘፋኙ ክፍሏ ጠብባው ይንጎራደዳል። ጊታሪስቱ ክምሩን ያገላብጣል።)

ዘፋኝ፦ ለአንድ ወንበር ይሄ ሁሉ ፍለጋ ምንድነው?

ጊታሪስት፦ ክንድ ማሳረፊያ የሌለው ነው የምፈልገው። ያኛው ላይ ስቀመጥ ጊታሬ ይጋጭብኛል።

ዘፋኝ፦ ቆመህ አትመታም? እኔ ቆሜ አይደል የምዘፍነው?

ጊታሪስት፦ አንተማ ጉሮሮህን ብቻ ይዘህ ነው የቆምከው። እኔ እንጨት ነው የተሸከምኩት።

ዘፋኝ፦ ተወው፣ የማዋይህ ነገር አለ። (ጉሮሮውን ይጠርጋል። ክፉ ወሬ አሳምሮ በመንገር እሱን የሚስተካከል ሰው እንዳልተፈጠረ ያምናል።) ወንድሜ፣ ሰው አንድ ቀን በቃኝ ማለት አለበት።

ጊታሪስት፦ (ደንግጦ) ልትተው ነው እንዴ?

ዘፋኝ፦ እኔ ለምን እተዋለሁ!

ጊታሪስት፦ ጉሮሮህን አሞህ ከሆነ አትደብቀኝ። የመጨረሻው ዘፈን ላይ የሆነ ነገር ሲሰነጠቅ ሰምቻለሁ።

ዘፋኝ፦ እሱ ስሜት ነው!

ጊታሪስት፦ እንዲያ ነው? እኔ ክር የተበጠሰብኝ መስሎኝ ስቆጥር ነበር።

ዘፋኝ፦ ስማኝ። ባለ አዳራሿ በየቅዳሜው ቋሚ ሥራ ሊሰጡ ነው።

ጊታሪስት፦ አውቃለሁ።

ዘፋኝ፦ አታውቅም። ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ጊታሪስት፦ (አንገቱን ደፍቶ) እሱንም አውቃለሁ። አንተ እንዴት ትችለው ይሆን እያልኩ ሰንብቻለሁ።

ዘፋኝ፦ እኔ? (በሐዘኔታ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል) አይ ደግነትህ! በዚህ ሰዓት እንኳ ለእኔ ታስባለህ። አይዞህ፣ ሰርግ ሰርጉን አብረን እንሠራለን።

ጊታሪስት፦ እሳቸው ነገሩህ ማለት ነው?

ዘፋኝ፦ አሁን በር ላይ ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ እንግዶቼ እየበሉ መጨዋወት ይፈልጋሉ። አንድ ሰው ይበቃኛል። ቅር ይልሃል ወይ?» አሉኝ።

ጊታሪስት፦ አንተስ?

ዘፋኝ፦ ለምን ቅር ይለኛል! «እናቴ፣ እንዲያውም ዘግይተዋል። ሥራውን የሚሠራው አንዱ ነው፤ ሌላው ትርፍ ነው። በይሉኝታ ተሸክሞት ነው እስከ ዛሬ የኖረው» አልኳቸው።

ጊታሪስት፦ እንዲህ አልካቸው? በገዛ አፍህ?

ዘፋኝ፦ በገዛ አፌ! «ሰውም የሚታገሠው ለሌላው ሲል ነው» ብዬ ጨመርኩላቸው።

ጊታሪስት፦ እሳቸውስ?

ዘፋኝ፦ ዓይናቸው እንባ አቀረረ! እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ «እንዳንተ ያለ ትሁት ሰው አይቼ አላውቅም» አሉኝ። (ቆም ይላል) እርግጥ፣ «ትሁት» ያሉት ከየት እንደመጣ ትንሽ ግራ ገብቶኛል።

ጊታሪስት፦ (ጊታሩን ቀስ ብሎ ግድግዳ ያስደግፋል) አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ።

ዘፋኝ፦ ምን ማለትህ ነው?

ጊታሪስት፦ የፈለጉት ጊታሩን ብቻ ነው። አንተ ስትዘፍን እንግዶቹ መደማመጥ አልቻሉም። ባለፈው ሳምንት ሲጠይቁኝ «ያለ እሱ አልመጣም» አልኩ። ብዙ ከለመንኳቸው በኋላ፣ «እንግዲያው ራሱን እጠይቀዋለሁ፤ ቅር ካለው ሁለታችሁንም እቀጥራለሁ» አሉኝ።

(ዘፋኙ ክምሩ ላይ ዘፍ ይላል። ሥራውን ከማጣቱ ይልቅ ይሄ ሰው ስለ እሱ መለመኑ አንጀቱን በላው።)

ዘፋኝ፦ እኔ... ራሴን ነው ትርፍ ያልኩት?

ጊታሪስት፦ «ተሸክሞት ኖረ» ማለትህ ግን ደስ ብሎኛል። አመስግነኸኝ አታውቅም።

ዘፋኝ፦ ሩጥ! ሌላ ሰው ሳይሰማ ድረስባቸው! ይሄ ሰው ትሁት አይደለም፣ ትዕቢተኛ ነው፣ ቅር ብሎታል በላቸው!

ጊታሪስት፦ ትዕቢተኛ መሆንህንማ ባለፈው ሳምንት ነግሬያቸው ነበር። ዛሬ ውሸታም ያደረግከኝ አንተ ነህ።