ፌዴራሊስቱ ጋሽ ተማም

ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ የሩቅ አገር ታሪክ ተሸክሞ የጎረቤቱን ጠብ የሚተነትን አንድ ሰው አይጠፋም። ለደቡብ አፍሪካዋ ጆበርግ የደረሱት ክቡር ጋሽ ተማም ናቸው፤ ጀፕስታውን ሰፈር ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣሉ፣ እድራችንንም በሊቀመንበርነት ይመራሉ።

ስለ አሜሪካ መጀመሪያ ዘመን ዩቲዩብ ላይ እሳቸው ያልሰሙት ትምህርት የለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ "ይኼ እኮ ሐሚልተንና ጀፈርሰን ነው!" ሁለት ታክሲዎች በተሳፋሪ ሲሻሙ፣ "ሐሚልተንና ጀፈርሰን!" "ሳውቦና ባባ" ብሎ በዙሉ ሰላምታ የገባ ደንበኛ፣ የአንድ ካቢኔ ሁለት ሚኒስትሮች እንዴት ሁለት ፓርቲ እንደወለዱ ይነገረዋል። ቶሎ ለማምለጥ ሲል ዋጋ ሳይከራከር ገዝቶ ይወጣል።

"ስማ ሽኩር፣" ይሉኛል መንገድ ላይ ይዘውኝ፤ "ሐሚልተን ማዕከሉ ይጠንክር አለ፣ ወገኖቹም ፌዴራሊስት ተባሉ፤ ጀፈርሰን ሥልጣን ለየግዛቱ ይተው አለ። ፕሬዚዳንቱ ዋሽንግተን ቡድን አትፍጠሩ ብሎ ለመነ። ማን ሰማው?"

"ማንም፣ ጋሽ።"

"አየህ! በእኔ እድር ግን ፓርቲ የለም!"

ዘንድሮ መጣላቸው! ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ስፓዛ የሚባሉትን ትንንሽ የሰፈር ሱቆች የያዙ ነጋዴዎች፣ "ሁሉ ነገር ጀፕስታውን ይወሰናል፣ እኛ ከከተማ ውጭ ሎኬሽን ተቀምጠን ወሬውን እንሰማለን። ለየሰፈራችን ኮሚቴ ይኑረን" ብለው ሰአዳ የምትባል ባለሱቅ ለሊቀመንበርነት አቀረቡ።

"ጀፈርሰኖች መጡ!" ብለው ጋሽ ተማም በደስታ ዘለሉ። ትንሽ ቆይተው ፊታቸው ተለዋወጠ። "ያ አላህ! እኔ ፌዴራሊስት ነኝ እንዴ? ዋሽንግተን የሆንኩ መስሎኝ!"

እሑድ እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ። ሰአዳ በአሥራ አንድ እጅ ብልጫ አሸነፈች።

የእድሩ ማህተም ጋሽ ተማም ኮት ኪስ ውስጥ ነው። ስንት ማኅበር በማህተም ኩርፊያ ለሁለት ሲሰነጠቅ አይተናል! ሰው ሲሞት የሚቀብረን፣ ሱቅ ሲዘረፍ የሚደርስልን ደግሞ ይኸው እድር ብቻ ነው።

"ይዘውት ይውጡ፣ ጋሽ! የራሳችንን እንመሠርታለን" አለ ከጀፕስታውኖቹ አንዱ በሹክሹክታ።

ጋሽ ተማም ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፍነው ቆሙ።

"በፈረንጅ አሥራ ስምንት መቶ አንድ!" ብለው ጮኹ። "ፌዴራሊስቶች ተሸነፉ፣ ሥልጣኑም ያለ ደም ለጀፈርሰን ተላለፈ! ሰው ተሸንፎም ጠላት እንደማይሆን የታየው ያኔ ነው! እንቺ ልጄ፣ ማህተሙ ይኸውልሽ።"

"አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሽ" አለች ሰአዳ ማህተሙን በሁለት እጇ ተቀብላ። "ማህተሙን ነው የተረከብኩት፤ ታሪኩ ግን እርስዎ ዘንድ ይቆይ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

በቀጣዩ ስብሰባ ጋሽ ተማም ብቻቸውን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን አወጡ።

"ተቃውሞ አለኝ!"

"ጋሽ፣ አጀንዳው ገና አልተነበበም እኮ።"

"አንብቢው፣ እጄን አላወርድም!"

ለሰአዳ እጄን ያወጣሁት፣ እሳቸውን ሳይ እንዳይዙኝ ለዓመታት መንገድ ስሻገር የኖርኩት እኔ፣ ወንበሬን ተሸክሜ ከጎናቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ብቻውን ተቃዋሚ ፓርቲ ይባላል?