ሣጥን ይሰረቃል

የፕሮፌሰር አካለ ወልድ መርዶ ሞጣ ሲደርስ፣ አብሮ አደጉ መምህር ያየህ እያስተማረ ነበር። ጠመኔውን አስቀመጠ፤ እጁን አራገፈ፤ ተማሪዎቹን አሰናበተ። ቀብሮ ከተመለሰ በኋላ እንቅልፍ የነሳው የወረቀቶቹ ነገር ነው። ሟቹ «ከሞትኩ ግጥሞቼን አሳትምልኝ» ብሎት ነበር። ግጥሙም የማስተማሪያ ጽሑፉም በሣጥን ሆኖ ቢቸና፣ እኅቱ ወይዘሮ ማናለሽ ዘንድ ተቀምጧል።

ሰው የማያምን ዘመድ የሌለው ቤተሰብ የለም። ወይዘሮ ማናለሽ ግን የመላው ቢቸና ተጠራጣሪ ነበሩ። እዝን ይዛ የመጣችውን ጎረቤት እንኳ ደጃፍ ላይ አቁመው «ማን ላከሽ?» ብለዋል። የነፍስ አባታቸው «እግዜር» ብለው ሊያልፉ ቢሞክሩ፣ «ምን ብሎ?» አሏቸው።

ከአርባው በኋላ አንድ ባለ ከረባት ከአዲስ አበባ መጣ።

«ወረቀቶቹን እንድረከብ ዩኒቨርሲቲው ልኮኝ ነው፣ እናቴ።»

«እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው? ለቅሶ ላይ አላየሁትም።»

ሰውየው ባዶ እጁን ተመለሰ። ያየህም በጭነት መኪና ተሳፍሮ ቢቸና ወረደ። ሣጥኑን ሲከፍት ምስር ሞልቶበታል።

«እትዬ፣ ወረቀቱስ?»

«ሣጥን ይሰረቃል። አንተን ማን ላከህ?»

«እሱ ራሱ።»

ቁልፍ ከመቀነታቸው አወጡ። ከዚያ የመኝታ ክፍላቸውን ከፈቱ። ቢቸና ግድግዳውን በጋዜጣ ያለብሳል፤ እሳቸው ወንድማቸውን በሊጥ ለጥፈውታል፣ ከወለል እስከ ጣሪያ። ግማሹ ገጽ ተዘቅዝቋል።

«እስቲ ግድግዳ የሚሰርቅ ይምጣ!»

ያየህ ሊቆጣ ሲል አንድ ነገር አስተዋለ። ፊደል የማይለዩት ሴትዮ በታይፕ የተመታውን በሩ አጠገብ፣ በእጅ የተጻፈውን ራስጌያቸው ላይ አድርገውታል።

«ያ የመኪና ነው» አሉ። «ይኼ የእጁ ነው።»

በርጩማ ሰጡት። አንገቱን እያጣመመ ወደ ደብተሩ ሲገለብጥ ከጀርባው ቆመው ጠበቁት።

«ያቺን መስመር ዘለልክ።»

«ሰርዟት ነው፣ እትዬ።»

«የሱ እጅ አይደለችም? ጻፋት!»

ጻፋት።

ባለ ከረባቱ በዓመቱ ተመልሶ ግድግዳውን በውኃ አርሶ ወረቀቱን ለመላጥ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ በሩ ላይ ቆሞ «ማን ላከህ?» ያለው ያየህ ነው።

አካለ ወልድ ወረቀት አያባክንም ነበር፤ በሁለቱም ገጽ ይጽፋል። ፊት ለፊት ያለው በደብተሩ ተገልብጧል። ወደ ግድግዳው የዞረው ገና አልተነበበም።