የጋሼ ውበቱ ተራራ

በወርቅ ሕልም የተለከፈ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ጎረቤቴ ጋሼ ውበቱ ናቸው። አዘና ከተማ አጠገብ፣ ከጓሯቸው ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣ ተራራማ መሬት አላቸው። ሚስታቸው እትዬ ጥሩ “የተከላው ወቅት ሳያልፍ ድንች እናድርግበት” ሲሏቸው፣ ጉም የተኛበትን አናቱን በስስት እያዩ “ወርቅ ላይ ድንች ይተከላል እንዴ?” ይላሉ።

አንድ ጠዋት ሲቆፍሩ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አገኙ። በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፈው፣ እኔን አስከትለው በሚኒባስ ዳንግላ ሄዱ። እዚያ ያለ ወርቅ አንጥረኛ ድንጋዩን ፋቅ ፋቅ አደረገና “አባቴ፣ ያብለጨልጫል እንጂ ወርቅ አይደለም” አላቸው።

ልባቸው ይሰበራል ብዬ ስፈራ ፊታቸው ፈካ።

“እሰይ!” አሉ። “ወርቅማ ቢሆን መቼ ይተዉልኝ ነበር? ተራራዬን ንደው፣ እኔንም ያስነሡኝ ነበር። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት ሽቅብ እያየሁ ‘ምናልባት ዛሬ’ እላለሁ።”

እያንጎራጎሩ ወደ መናኸሪያው አመሩ። አዝኜ የቀረሁት እኔ ነኝ። ለካ ሳይታወቀኝ በሐሳቤ እንጅባራ ላይ ፎቅ ሠርቼ፣ የበሩን ቀለም እየመረጥሁ ኖሯል!