የእትዬ ጫልቱ ጫጩቶችና የእኔ ትልቁ ዓይን

ወፍ ለጫጩቷ ስታጎርስ ማየት የማይወድ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ወፏስ መታየት ትወዳለች ወይ ብሎ የጠየቀ ሰውም አላጋጠመኝም። እስቲ አስቡት፤ ልጃችሁን አቅፋችሁ ስታጎርሱ አንድ የማታውቁት ጎልማሳ አጥር ሥር በሆዱ ተኝቶ የውሃ ጆግ የሚያህል ሌንስ ቢደግንባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ፖሊስ ትጠራላችሁ። ወፍ የምትጠራው ፖሊስ የላትም። ያላት ምንቃር ብቻ ነው፤ አጠቃቀሙን እንደምታውቅበት ደግሞ ግንባሬ ላይ ያለው ምልክት ይመሰክራል።

ነገሩ የተጀመረው መሥሪያ ቤታችን ነው። ለአዲሱ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ሊያሳትሙ የፈለጉት አለቃችን «የወላጅ ፍቅር» በሚል ርዕስ በሠራተኞች መካከል የፎቶ ውድድር አወጁ። ባልደረቦቼ የየልጆቻቸውን ፎቶ ከስልካቸው ፈልገው በአንድ ቀን ላኩ። እኔ ልጅ የለኝም፤ ካሜራ ግን አለኝ። ያገለገለ ቢሆንም ካሜራ ካሜራ ነው፤ ካሜራ ያለው ሰው ደግሞ በስልክ የሚያነሳውን ሕዝብ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያየው። ስለዚህ የሰውን ልጅ ለእነሱ ትቼ ወደ አእዋፍ ዞርኩ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከቡራዩ ተነስቼ፣ ሚኒባስ እየቀያየርኩ፣ ሰበታን አልፌ ተፍኪ ወረድኩ። ረግረጉ ላይ የውሃ ወፍ መዓት ነው ብለውኝ ነበር። አልዋሹም። ወፎቹ ግን ካሜራ ሲያዩ ጀርባ ለመስጠት የተማከሩ ይመስላሉ። ሠላሳ አንድ ፎቶ አንስቼ ሠላሳ አንድ ቂጥ ይዤ ተመለስኩ። አንድ እግር ጫማዬንም ጭቃው አስቀረው። በአንድ እግር ጫማ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ስለ ጥበብ ቢያወራ ማን ይሰማዋል?

በሁለተኛው ቅዳሜ ገፈርሳ ግድብ ሄድኩ። አንዲት ዳክዬ ስድስት ልጆቿን አስከትላ ስትዋኝ አይቼ ካሜራዬን ብድግ ሳደርግ፣ ጥበቃው መጡና ወደ ግድቡ ማንሳት ክልክል መሆኑን በትሕትና ነገሩኝ። የማነሳው ዳክዬዋን ነው አልኳቸው። ዳክዬዋ ያለችው ግድቡ ውስጥ ነው አሉኝ። ካሜራዬን ቦርሳው ውስጥ ከትቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ለካ ጥበብ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ ኖራለች። የአከራያችን የእትዬ ጫልቱ ገብስማ ዶሮ ዘጠኝ ጫጩት ፈልፍላለች። ወዲያው ግቢው መሃል በሆዴ ተኛሁ። የመጀመሪያዋን ፎቶ እንዳነሳሁ እትዬ ጫልቱ ከቤት ወጡ።

«ማሎ፣ እባክህ ልጄ» አሉኝ፤ «የሰው ዓይን እንኳ ያደርቃቸዋል። አንተ ደግሞ ይኼን የሚያህል ዓይን ይዘህ መጣህ?»

ዓይን ሳይሆን መስታወት መሆኑን፣ የተሠራውም ጃፓን መሆኑን አስረዳኋቸው። ጃፓን ቡዳ የለም ያለህ ማን ነው ሲሉ ጠየቁኝ። በመጨረሻ ተስማማን፤ አንድ ፎቶ ባነሳሁ ቁጥር ጫጩቶቹ ላይ እንትፍ እንትፍ ልል። ሕፃን ሲያምርብን እንደምናደርገው ማለት ነው።

እንቢ ማለት አይቻልም ነበር። ይህን ሁለት ክፍል ቤት ያገኘነው ከባለቤቴ ከሰናይት ጋር ስንት ደላላ ተከትለን፣ ስንት ግቢ ገብተን ወጥተን ነው። የራሱ መጸዳጃ ቤት አለው፤ ውሃም አንዳንዴ ይመጣል። እንዲህ ያለ ቤት ለማቆየት እንትፍ ማለት ምን አላት?

ብዙ ነገር አላት። ካሜራው ቀጭ ይላል፣ እኔ እንትፍ እላለሁ፣ ዶሮዋ ትበረግጋለች፣ የወላጅ ፍቅር ይበተናል። ግማሹ ምራቅ ደግሞ ሌንሱ ላይ ነው የሚያርፈው። እየጠረግኩ አርባ ያህል አነሳሁ። እውነቱን ልናገርና፣ አፌ ስለደረቀ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ያለ እንትፍ አሳለፍኳቸው። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር።

አመሻሹ ላይ ጫጩቶቹ ወደ ቅርጫታቸው ሲገቡ ስምንት ሆኑ። እትዬ ጫልቱ ደጋግመው ቆጠሩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። በሁሉም ላይ እንትፍ ብለሃል ወይ ብለው ጠየቁኝ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፎቶዎች እንደቀሩ ተናዘዝኩ። እስከ ነገ ካልተገኘች ሌላ ቤት ፈልጉ አሉን። ሰናይትም ሳትቆጣ፣ እሷ ሱሉልታ እናቷ ጋ እንደምትገባ፣ እኔ ደግሞ ካሜራ ቦርሳዬ ውስጥ መኖር እንደምችል ነገረችኝ። ሳትቆጣ ስትናገር ነው የምፈራት።

በርሜል ሥር፣ የማገዶ ክምር ውስጥ፣ የጎረቤት ድመት አፍ ላይ ሳይቀር ፈለግን። በቡዳ የማላምነው ሰውዬ በልቤ ምነው እነዚያን ሁለቱን እንትፍ ባልኩባቸው ኖሮ እል ጀመር። የእውነት ፈርቼ ነበር። በዚህ መሃል ከግድግዳው ሥር ጭው ጭው የሚል ድምፅ ተሰማ። ካሜራ ቦርሳዬ ነው! ወይዘሪት ጫጩት ምራቅ በጠረግኩበት ለስላሳ ጨርቅ ላይ ተኝታለች። ከእኔ ቀድማ ገብታበታለች ማለት ነው።

በደስታ መዳፌ ላይ አወጣኋት። እናቷ ቅርጫቱን ጥላ መጥታ ጭንቅላቴ ላይ ወጣች፤ ግንባሬን ወጋችኝ።

«በል አሁን» አሉ እትዬ ጫልቱ፤ «የቀረብህን እንትፍ በልባት።»

ዶሮ በራሴ ተሸክሜ፣ ጫጩቷን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ ከንፈሬን አሞጥሙጬ እንትፍ ስል ሰናይት በስልኳ አነሳችኝ። ቤቱም ተረፈ።

ለውድድሩ ከአርባዎቹ የተሻሉትን መርጬ ላክሁ። ሰናይት ደግሞ ሳትነግረኝ ያንን የእሷን በእኔ ስም ላከችው። አለቃችን ፎቶውን አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ አሉ። የሰው ልጅ ጫጩት እንዲህ አድርጎ ሲስም አይተው አያውቁም፤ እናቲቱም በፍቅር ራሱ ላይ ማረፏ ገርሟቸዋል። እኔ የመረጥኳቸው ፎቶዎች ስማቸው እንኳ አልተነሳም። አሥራ ሁለቱ ወራት ለባለልጆቹ ስለተሰጡ ለእኔ ጳጉሜ ደረሰችኝ።

አንዱን ካላንደር ለእትዬ ጫልቱ ሰጠኋቸው። ገና በመስከረም ጳጉሜን ገልጠው ሳሎናቸው ውስጥ ሰቀሉት። እንግዳ ሁሉ እያየ እንዴት ያምራል ይላል። እሳቸውም ቆጣ ብለው፣ እንግዲያው እንትፍ በሉበት ይላሉ። እንግዳውም ይታዘዛል። ጫጩቷ ዛሬ አድጋ ግቢውን ትገዛለች። ካላንደሩ ላይ ያለው የእኔ ፊት ግን በያዙት አያያዝ እስከ ጳጉሜ የሚደርስ አይመስለኝም።