የሁለቱ ዘበኞች ሙግት

በደሌ ይመዝገብልኝ፤ ሁለት ዘበኞች ስለተጣሉ የመሬቴ ደብተር ሳይታተም ቀርቷል። ከጓሳ ተራራ ሥር ካለው ቤቴ እስከ ከተማው መሬት ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ዘበኞቹ ሰዎች መሰሏችሁ? ኮምፒውተርን ከኢንተርኔት ሌባ የሚጠብቁ፣ ፋየርዎል የሚባሉ ፕሮግራሞች ናቸው። በቢሮው አንድ ኮምፒውተር ላይ ኃላፊው አንድ፣ ምክትሉም አንድ ጫኑ፤ ሁለቱ ዘበኞች እንደ ሌባ እየተያዩ ደብተር የሚታተምበትን ኔትወርክ ዘጉት።

ከራሱ ዘበኛ በቀር ሁሉም ሌባ የሚመስለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በአንድ ቢሮ ሁለት አገኘሁ።

«አንዱን አጥፉት» አልኩ።

«የእኔ ቀድሞ የገባ ነው!» አለ ኃላፊው።

«የእኔ ግን ንቁ ነው!» አለ ምክትሉ።

ያለ ፍርድ ማንም አይባረርም ብዬ ሽማግሌ አስቀመጥኩ። ኮምፒውተሩን መሐል አደረግነው። ከሽማግሌዎቹ መሐል ያሉት ቄስ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ተከሳሾቹ የታሉ?» አሉ። ለሁለቱም ዘበኞች ጠበቃ ቆመላቸው። ክርክሩ አልበርድ ሲል ዕጣ ተጣለ፤ ዕጣው የወጣበት የምክትሉ ዘበኛ እንዲጠፋ ተደረገ፣ ኔትወርኩም ወዲያው መጣ። እልል አልኩ።

«በል ልጄ፣ ደብተሬን!» አልኩት ኃላፊውን።

«እማማ፣ ደብተር የሚያትመው ምክትሌ ነው፤ እሱ ደግሞ አኩርፎ ቤቱ ገብቷል። ሽማግሌዎቹን ሳይበተኑ ወደ እሱ ይላኩልኝ» አለኝ።